ቀናተኛ የሠራው የፍጥነት መለኪያ

ሁለት ሰዎች ጎን ለጎን ሲሮጡ፣ ትንሽ ከቆዩ በኋላ እግራቸው ሳያስቡት እኩል ማረፍ ይጀምራል። ይህን አሰልጣኝ አልነገረኝም፤ በብስክሌት እየተከተልኳቸው በገዛ ጆሮዬ ነው የሰማሁት። ከሳሊተ ምሕረት ወዲያ፣ ገና ለመኪና ባልተከፈተው አዲስ አስፋልት ላይ፣ ጠዋት ጠዋት የአራት እግር ኮቴ የሁለት እግር ሆኖ ይሰማኝ ነበር። ሰው ዓይቶ ይቀናል ይባላል፤ እኔ ዓይኔን ጨፍኜም እቀና ነበር።

ከሁለቱ ሯጮች አንዷ የአከራዬ ልጅ ነበረች። አባቷ ድሮ ገበሬ ነበሩ። ጤፍ ይዘሩበት የነበረው መሬት ኮንዶሚኒየምና አስፋልት ሲሆን፣ በቀራቸው ግቢ ውስጥ ሰርቪስ ቤቶች ደርድረው ማከራየት ጀመሩ፤ ከቤቶቹ አንዱ የእኔ ነበር። እኔ ደግሞ ሊፍት ገጣጣሚ ነኝ። ያ ጊዜ ከአትላስ እስከ ጉርድ ሾላ ፎቅ እንደ ጉድ የሚበቅልበት ጊዜ ስለነበር ሥራ ሞልቶ ተርፎ ነበር። ቀኑን ሙሉ ገና ልስን ባልነካው ሕንፃ ውስጥ፣ ሊፍቱ በሚወጣበት ጉድጓድ ተንጠልጥዬ እውልና ማታ ግሪስ በግሪስ ሆኜ እገባለሁ።

እሷ ከትምህርት ቤት ጀምሮ ትሮጥ ነበር። አንድ ክለብ ክረምቱ ሳይገባ አዲስ ሯጮችን ሊመርጥ ነው ተብሎ ከተነገራት ወዲህ ሌላ ወሬ አልነበራትም። በአምስት ሺህ ሜትር የተቆረጠ ሰዓት አለ፤ ከዚያ ፈጥና የጨረሰች ደመወዝና መኝታ ይሰጣታል፣ ያልቻለች ትመለሳለች። አባቷ ሩጫውን አልጠሉትም። የጠሉት ጎህ ሳይቀድ መውጣቱን ነው።

«ብቻዋን አትወጣም» አሉኝ አንድ ቀን ግቢው ውስጥ አግኝተውኝ። «አንተ ብስክሌት አለህ አይደል?»

«አለኝ አባባ።»

«እንግዲያው አብረሃት ውጣ።»

በሕይወቴ ካገኘሁት ሁሉ የሚበልጠውን ነገር ሳልለምን አገኘሁ። ለጥቂት ወራት መንገዱ የሁለታችን ብቻ ነበር። ሰውነቷን እስክታሟሙቅ ድረስ ከጎኗ ቀስ ብዬ እነዳለሁ፣ እሷ ታወራለች። ሊፍት ውስጥ ገብታ እንደማታውቅ፣ ገመዱ ይበጠሳል ብላ እንደምትፈራ ነገረችኝ። ገመዱ አንድ ሳይሆን ብዙ እንደሆነ አስረዳኋት፤ አላመነችኝም። ክለብ ስትገባ ያለኝን ስሜት እነግራታለሁ ብዬ ወስኜ ነበር። ከዚያ በፊት ብናገር ሐሳቧ ይበተናል፣ ሰዓቷ ይበላሻል ብዬ ነው። ያን ጊዜ ይህ ጨዋነት ይመስለኝ ነበር።

ከዚያ ረጅሙ መጣ። ስሙ ሌላ ነው፤ እኔ ግን በልቤ ከረጅሙ ሌላ ጠርቼው አላውቅም። አብሯት ልምምድ የሚሠራ፣ ከደብረ ብርሃን ወዲያ ካለ ገጠር የመጣ፣ ጉርድ ሾላ አካባቢ ከጓደኞቹ ጋር ቤት ተከራይቶ የሚኖር ሯጭ ነው። የእሷን መንገድ ወደደውና ጠዋት ጠዋት ከእኛ ጋር መሮጥ ጀመረ። አባቷ አልተቃወሙም፤ እኔ አብሬ አለሁ አይደል?

የሚያናድደው ሰውየው ጥሩ ሰው መሆኑ ነው። መጥፎ ቢሆን ኖሮ ሥራዬ ይቀልልኝ ነበር። ገና ሲያየኝ ጎንበስ ብሎ ሰላም ይለኛል፣ ስለ ሥራዬ ይጠይቀኛል፣ የጠየቀውን ደግሞ አይረሳም። «አንተ ባትኖር እኮ አባቷ አይለቋትም ነበር፤ እግዜር ይስጥህ» አለኝ አንዴ፣ ከልቡ። ልነክሰው ነበር።

የእኔ ሥራ ሹራብ መሸከም ሆነ። ሲሞቃቸው አውልቀው ይሰጡኛል፣ እኔ ከኋላ ዕቃ መጫኛው ላይ አስሬ እከተላለሁ። የእሱ ሹራብ በእሷ ሹራብ ላይ ተጣጥፎ፣ በእኔ ብስክሌት ይንሸራሸራል። አንድ ቀን መንገድ ላይ ቆሜ ፈትቼ የእሱን በአንድ በኩል፣ የእሷን በሌላ በኩል አሰርኳቸው። ሲመለሱ ማንም ልብ አላለውም፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ ቀለል ብሎኝ ዋልኩ።

ከሁሉም ያቃጠለኝ ሰዓቱ ነበር። ረጅሙ እጁ ላይ ሰከንድ የምትቆጥር ሰዓት አለችው። ኪሎ ሜትሩን ደግሞ በመብራት ምሰሶ ነው የሚያውቀው። መንገዱን የሠራው ድርጅት ውስጥ ቀን ሥራ የሚሠራ የአገሩ ልጅ በምሰሶና በምሰሶ መካከል ያለውን ርቀት ነግሮት፣ እሱም ቆጥሮ ከዚህኛው ምሰሶ እስከዚያኛው አንድ ኪሎ ሜትር ነው ብሎ ቀለም ቀብቶበታል። እሷ የተቀባው ምሰሶ ጋ ስትደርስ ወገቧን ይዛ ወደ እሱ ትዞርና «ስንት ገባሁ?» ትለዋለች። እሱ ሰዓቱን አይቶ ይነግራታል። እሷ ፈገግ ትላለች። እኔ ሹራብ ይዤ ቆሜአለሁ። «ስንት ገባሁ» የምትለኝ እኔን እንድትሆን ፈለግኩ፤ በዚያን ጊዜ ከዚህ የበለጠ የምፈልገው ነገር አልነበረም።

ሐሳቡ ሥራ ላይ እያለሁ መጣልኝ። ሊፍት የትኛው ፎቅ ላይ እንደደረሰ የሚያውቀው በማግኔት ነው፤ ማግኔቱ ሲጠጋው የሚዘጋ፣ ሲርቅ የሚከፈት ትንሽ ስዊች አለ። ይህን እያየሁ ስንቱን ፎቅ ስሰቅል ኖሬ፣ የብስክሌት ጎማም ያው እንደ ሊፍት መሆኑን አላስተዋልኩም ነበር። ማግኔቱን የፊት ጎማው ራጂ ሽቦ ላይ አስረህ ስዊቹን ከጎኑ ብታቆመው፣ ጎማው አንድ ዙር በዞረ ቁጥር አንዴ ይቆጥራል። የጎማው ዙሪያ ከታወቀ ርቀቱ ታወቀ፣ ርቀቱ ከታወቀ ፍጥነቱ ታወቀ። የብስክሌት ፍጥነት መለኪያ ውጭ አገር ተሠርቶ እንደሚሸጥ አላጣሁትም። ግን ተገዝቶ የመጣ ነገር ረጅሙም ሊገዛው ይችላል።

ስዊቹን ከተጣለ የሊፍት ዕቃ ውስጥ ነቀልኩ። ማግኔቱን ከተበላሸ ስፒከር አወጣሁ። ማሰቢያው የሚሆነውን ጣት የምታህል የኮምፒውተር ቦርድ ቦሌ አንድ ሕንፃ ላይ ካለ የኤሌክትሮኒክስ ሱቅ አገኘሁ። ስክሪኑን ከድሮ ባለቁልፍ ሞባይሌ ፈታሁ። ሁሉንም የከተትኩበት ዕቃ የፕላስቲክ የሳሙና ማስቀመጫ ነው፤ ዝናብ እንዳይገባበት ክዳኑን በላስቲክ አስሬ። ኮዱን መሥሪያ ቤት በምሳ ሰዓት፣ ኢንተርኔቱ መጣ ሄደ እያለ፣ ከዚህም ከዚያም እየለቃቀምኩ ጻፍኩት። ከሱቅ የሚገዛው ፍጥነትና ርቀት ብቻ ነው የሚናገረው። የእኔ ግን አንድ ኪሎ ሜትር በሞላ ቁጥር በስንት ደቂቃ እንደተሮጠ ራሱ አስልቶ ይጽፋል፣ ከተፈለገው ፍጥነት ከወረደ ደግሞ ጢጥ ጢጥ ብሎ ይጮኻል።

አንድ ምሽት በሬን ከፍቼ እየበየድኩ አባቷ አልፈው ሲሄዱ ቆም አሉ።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ፍጥነት የሚለካ ነው አባባ።»

«የማንን?»

«የብስክሌቱን።»

ጥቂት አዩኝ። «እህ» ብለው ሄዱ።

መጀመሪያ የወጣሁ ቀን ተዋረድኩ። ስዊቹ ሲዘጋ ይንቀጠቀጥ ኖሯል፤ ቦርዱ አንዱን ዙር ሦስትና አራት አድርጎ ይቆጥረዋል። ሁለቱ ሊያዩ ከግራና ከቀኝ ሲጠጉኝ፣ ስክሪኑ በሰባ ኪሎ ሜትር እየከነፍን ነው ይላል። ረጅሙ በጣም አክብሮ፣ በጣም ቀስ ብሎ፣ «በዚህ አያያዛችን ቁርስ አዳማ ነው የምንበላው» አለ። እሷ ሆዷን ይዛ አስፋልቱ ላይ ቁጭ አለች። በእኔ ብትስቅ ምንም አልነበረም፤ የሳቀችው በእሱ ቀልድ ነው። ያን ቀን ሥራ ገብቼ የአንድ ሊፍት በር ሦስት ጊዜ በተቃራኒው ገጥሜ ፈታሁት።

መፍትሔው ቀላል ነበር። ጎማ በዚያች ቅጽበት ሁለቴ ሊዞር ስለማይችል፣ ቦርዱ አንዴ ከቆጠረ በኋላ ትንሽ ዓይኑን ጨፍኖ እንዲጠብቅ አዘዝኩት። በሳምንቱ መሣሪያው ሰው ሆነ። እሷ የተቀባው ምሰሶ ጋ ደረሰች፣ ወገቧን ያዘች፣ ወደ ረጅሙ ዞር ማለት ጀምራ ተወችውና ወደ እኔ መጣች። «ስንት ገባሁ?» አለችኝ። ነገርኳት። ላቧ የሳሙና ማስቀመጫው ላይ ጠብ አለ፣ እኔ በእጅጌዬ ጠረግኩት። ከዚያ ቀን የበለጠ ደስ ያለኝ ቀን ብዙ የለም።

ደስታው ግን ዕዳ ይዞ መጣ። ፍጥነቱን እኔ የምይዝ ከሆነ ከፊት መሆን አለብኝ፤ እነሱ እኔን ይከተላሉ። መሣሪያው እየተሻለ በሄደ ቁጥር እኔ ስክሪኑ ላይ አፍጥጬ ጀርባዬን ሰጥቻቸው እነዳለሁ። ከኋላዬ ምን እንደሚነጋገሩ፣ እንደሚተያዩ፣ ክንዳቸው ይነካካ አይነካካ አላውቅም። ድምፅ ሲጠፋ ይብስብኛል። በመጨረሻ የሞተር ብስክሌት መስታወት ገዝቼ መሪው ላይ ሰካሁ።

«ይሄ ደግሞ ለምንድን ነው?» አለች።

«ለደህንነት» አልኳት፣ መኪና ዝር በማይልበት መንገድ ላይ።

የኪሎ ሜትሩን ነገር የደረስኩበት እንዲህ ስነዳ ነው። የተቀባው ምሰሶ ጋ ስንደርስ የእኔ ስክሪን ኪሎ ሜትሩ ገና አልሞላም ይላል። በማግስቱም እንዲሁ፣ በሳምንቱም እንዲሁ። ስህተቱን ከራሴ ለመፈለግ ሞከርኩ። የጎማውን ዙሪያ የለካሁት ብስክሌቱን ገልብጬ፣ በልብስ ሰፊ ሜትር ነበር። ሰው ሲቀመጥበት ጎማው ተጨፍልቆ ዙሪያው እንደሚያንስ ትዝ ሲለኝ፣ አስፋልቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጌ፣ ራሴ ተቀምጬበት እንደገና ለካሁ። ቁጥሩን ሳስተካክል የረጅሙ ኪሎ ሜትር ይብሱን አጠረ። ደስታዬን የምገልጽበት ቃል የለኝም። ጠዋቱ እስኪነጋ ቸኮልኩ።

«ኪሎ ሜትራችሁ ጎዶሎ ነው» አልኳቸው። «እስካሁን የሮጥሽበት ሰዓት ሁሉ ልክ አይደለም።»

እሷ መጀመሪያ ስክሪኑን አየች፣ ቀጥላ እኔን አየች፤ እኔን ያየችው ረዘም ላለ ጊዜ ነው።

«እሱ ስለለካው ነው አይደል?» አለች።

«ምኑ?»

«ጎዶሎ የሆነው።»

ረጅሙ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ክር ማሰር ጀመረ፣ ክሩ ግን አልተፈታም ነበር። በጣም የጎዳኝ ግማሽ እውነት መናገሯ ነው። ኪሎ ሜትሩ ጎዶሎ መሆኑ እውነት ነው፣ እኔም ጎዶሎ እንዲሆን ስመኝ መክረሜ እውነት ነው። ሁለቱን ነጥሎ የሚያሳይ መሣሪያ አልሠራሁም። እሷ ያን ቀን በሩጫ፣ እኔ ብስክሌቴን እየገፋሁ በእግር ወደ ቤት ተመለስን።

ጭቅጭቁን የሰሙት አባቷ ናቸው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን መልስ ክፍሌ በር ላይ መጥተው ቆሙ።

«እናንተ ሥራ ላይ ረጅም ሜትር የላችሁም?»

«ሃምሳ ሜትር የሚዘረጋ አለ።»

«አምጣው። ጫፉን እኔ እይዛለሁ።»

በሚቀጥለው እሑድ አራታችን መንገዱ ላይ ወጣን። አባቷ ነጭ ጋቢያቸውን እንደለበሱ የብረት ሜትሩን ጫፍ በአውራ ጣታቸው አስፋልቱ ላይ ተጭነው ይይዛሉ፣ እኔ ጎትቼ እሄድና በጠመኔ አሰምራለሁ፣ እሳቸው ይመጡና ጎንበስ ብለው መስመሩን ራሳቸው ያያሉ። ሳያዩ አንድም ቦታ አላለፉም። «ረግቧል፤ ሳበው» ይሉኛል። መሀል ላይ ቀና አሉና ከአስፋልቱ ግራ ያለውን ኮንዶሚኒየም በዱላቸው አሳዩኝ።

«አውድማዬ እዚያ ነበር» አሉ። «ይሄ የቆምክበት ጤፍ ነው። ያኔ መሬቱን ሊወስዱ የመጡት ሲለኩት ጫፉን የያዙት እነሱ፣ ቁጥሩን ያነበቡት እነሱ። እኔ ዳር ቆሜ ነበር።»

ሜትሩን ሳብኩት።

ከስልሳ ሜትር በላይ ጎደለ። መንገዱ ወደ ትንሿ ድልድይ ሲታጠፍ ምሰሶዎቹ ጠጋ ጠጋ ብለው ነው የተተከሉት፤ የረጅሙ የአገር ልጅ የነገረው ርቀት የቀጥታው መንገድ ነው። የእኔ የሳሙና ማስቀመጫ ከብረቱ ሜትር ጋር ልዩነቱ ጥቂት እርምጃ ብቻ ሆነ። አባቷ ሜትሩን እየጠቀለሉ «ይሄ ልጅ ሲለካ አይቀጥፍም» አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ቁመቴ የጨመረ መሰለኝ። አሸነፍኩት ብዬ ወደ እሷ ዞርኩ።

እሷ የመንገዱ ጠርዝ ላይ ተቀምጣ ታለቅስ ነበር። ደርሼበታለሁ ያለችው ሰዓት ሁሉ በአንድ ጠዋት ከእጇ ወጣ፣ ምርጫውም ደርሷል። ረጅሙ ፈንጠር ብሎ ቁጢጥ አለና «ጥፋቱ የኔ ነው» አላት። ድምፁ ተሰብሮ ነበር። እሷ እንባዋን በመዳፏ ጠርጋ፣ «አንተ ምን ታደርግ፤ የነገሩህን ነው» አለችው፣ እንዳይከፋው። ልብ በሉ፤ ትክክል የሆንኩት እኔ ነኝ፣ የሚጽናናው እሱ ነው። ሜትሬን ታቅፌ ቆሜ ቀረሁ።

ከዚያ ወዲህ በእኔ ኪሎ ሜትር ሮጠች። ክለቡ የሚፈልገውን ፍጥነት ቦርዱ ላይ ሞላሁት፤ እሱን ይዤ እነዳለሁ፣ እሷ ወደ ኋላ ስትቀር እኔም ዝግ እላለሁ፣ ያኔ ጢጥታው ይጀምራል። ድምፁን ጠላችው። «ይሄን ነገር አንድ ቀን ወንዝ እወረውረዋለሁ» ትላለች፣ ግን እስኪያቆም ድረስ ትገፋለች። ረጅሙም አልቀረም። የራሱ ፍጥነት ከእሷ በጣም የሚበልጥ ሰው የራሱን ልምምድ ትቶ በእሷ ልክ እየሮጠ፣ ስትደክም ነፋሱን እየከለለላት፣ አሰልጣኙ እየተቆጣው ይመጣ ነበር። ይህን ሁሉ በመስታወቴ አየሁት። ጥፋት ፍለጋ የማየው ሰው ጥፋት አልገኝበት አለ። እሱም ሌላ ንዴት ነበር።

የምርጫው ቀን ሩጫ ሜዳው ውስጥ ብስክሌት አይገባም። ከአባቷ ጋር የሣር ዳገት ላይ ተቀምጬ ሹራቧን ጭኔ ላይ አድርጌ አየሁ፤ ረጅሙ ከታች ዙሩ ዳር ቆሞ ነበር። የመጨረሻዎቹን ዙሮች እንዴት እንደሮጠች አላወራም፤ ያየሁትም በግማሽ ዓይኔ ነው፣ በቀረው እሱን ስጠብቅ ነበር። ከተቆረጠው ሰዓት በጥቂት ሰከንድ ቀድማ ገባች። አባቷ ተነሥተው መሬቱን ሳሙ።

ዳገቱን እየሮጠች ወጥታ መጀመሪያ የተጠመጠመችብኝ እኔ ላይ ነው። በአባቷ ፊት፣ በሰው ሁሉ ፊት፣ አንገቴን አንቃ ይዛ፣ «የአንተ ነው፣ የአንተ ነው» አለችኝ። ለአንድ አፍታ ዓለም የእኔ ሆነች። ከዚያ ለቀቀችኝና ረጅሙ ከታች ሲመጣ አየችው። እሱም ቆመ፣ እሷም ቆመች። በመካከላቸው ሁለት እርምጃ አለ፤ ማንም አልተራመደውም። እጅ እንኳ አልተጨባበጡም፣ መሬት መሬት ነው የሚያዩት። እኔን እንደ ወንድም ያቀፈችኝ ምንም የምትደብቀው ስለሌላት እንደሆነ ያን ጊዜ ገባኝ። እሱን ግን ለመንካት ፈራች። ያን ፍርሃት እንዴት እንደቀናሁበት።

ጥቂት ሳምንታት አለፉ። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ረጅሙ ክፍሌ መጣ። ሸሚዙን ተኩሶ ለብሷል። ቁጭ በል ብለው እምቢ አለ፣ ቀጥሎ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ወንድሜ፣ አንድ ነገር ላስቸግርህ ነው» አለ። «እዚህ ከተማ ዘመድ የለኝም። ሽማግሌ ልልክ አስቤ አሰልጣኜና አንድ የሰፈራችን አባት እሺ ብለውኛል። ግን አባቷ ስለ እኔ ምን ያውቃሉ? ሁለቱም እዚህ ግቢ ገብተው አያውቁም። አንተን ግን ያምኑሃል። ያንን መንገድ ከለካህ ወዲህ አንተ ያልከው እሳቸው ዘንድ አለቀ ነው።»

«እኔ ለሽማግሌነት ዕድሜዬ አይደለም።»

«ዕድሜውን እነሱ ይይዙልናል። አንተ እውነቱን ያዝልኝ።»

ጠረጴዛው ላይ የነበረ ጠመንጃ መፍቻ አንሥቼ አስቀመጥኩ። «እሷ ታውቃለች?»

«እሷ ናት አንተን ጠይቀው ያለችኝ።»

እምቢ የምልበት ምክንያት ፈለግኩ። የነበረኝ አንድ ምክንያት ብቻ ነው፤ እሱን ደግሞ ለእሷ ያልነገርኩትን ለእሱ አልነግረውም። እሺ አልኩት። ተነሥቶ ትከሻዬን ሳመኝ።

ቀኑ ሲደርስ ከመቼውም የከፋኝ ነገር አካሄዱ ነበር። የምኖረው እዚያው ግቢ ነው፤ ከክፍሌ እስከ አባቷ ቤት በር ድረስ ጥቂት እርምጃ ነው። ወጉ ግን ከውጭ መምጣት ነው። ሙሉ ልብሴን ለብሼ ከግቢው ወጣሁ፣ ታክሲ መውረጃው ድረስ ሄጄ ሁለቱን ሽማግሌዎች ተቀበልኩ፣ አብሬያቸው ተመልሼ በየቀኑ ራሴ ከፍቼ የምገባበትን በር አንኳኳሁ። የከፈቱልን አባቷ ናቸው። ሁለቱን አዩ፣ ቀጥለው ከኋላቸው እኔን አዩ፤ ፊታቸው ላይ ምን እንዳለፈ ማንበብ አልቻልኩም።

«ግቡ፣ አረፍ በሉ» አሉን።

«የመጣንበትን ሳይሰሙን አንቀመጥም» አሉ ትልቁ ሽማግሌ፣ እንደ ደንቡ። ቆመን ነገሩን አቀረቡ፤ ልጅዎን ለልጃችን ብለን ነው አሉ፣ ረጅሙን በስሙና በአባቱ ስም ጠርተው። አባቷ ዱላቸውን ተደግፈው አዳመጡ። ሲያበቁ ጥያቄያቸው አንድ ብቻ ነበር።

«ከእናንተ ልጁን ደህና አድርጎ የሚያውቀው ማን ነው?»

ሁለቱም ወደ እኔ ዞሩ።

«እኔ ነኝ አባባ» አልኩ።

«እንዴት ያለ ሰው ነው?»

አንዲት ቃል ብጥል፣ እንዲያው ትንሽ ዝም ብል እንኳ፣ ይበቃ ነበር፤ እኚህ ሰውዬ ከእኔ የሚሰሙትን ያምናሉ። ያን ሰው ግን ለወራት እንደ እኔ ያጠናው የለም። እናቱም እንደዚያ አላየችውም።

«ከእሷ ቀድሞ መሮጥ ይችላል» አልኳቸው። «አንድ ቀን ጥሏት ሲሄድ አላየሁም።»

አባቷ ከዘመድ ጋር መመካከር እንዳለባቸው ተናግረው በሁለት ሳምንት ተመለሱ ብለው ቀጠሮ ሰጡን፤ ትልቁ ሽማግሌ ይህ መልካም ምልክት ነው ብለው በጆሮዬ ነገሩኝ። ተቀመጥን፣ የቀረበልንን ቀማመስን፣ ተመርቀን ወጣን። ሁለቱን ታክሲ አሳፍሬ ብቻዬን ተመለስኩ።

አባቷ ግቢው መሀል ቆመው ነበር። ያለፍኳቸው መስሎኝ ወደ ክፍሌ ስታጠፍ ጠሩኝ።

«ኮቱ ያምርብሃል» አሉ።

«እግዜር ይስጥልኝ አባባ።»

«ሽማግሌ ሆነህ ትመጣለህ ብዬ አላሰብኩም ነበር» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ትልካለህ ብዬ ነበር ስጠብቅህ የከረምኩት።»

የውጭውን በር ቀርቅረው ወደ ቤታቸው ገቡ።